ለሥራ ስለሚጻፍ የሕይወት ታሪክ፤ ሰዋስውና ነጥብ የሰውን እውነት ስለ መጠበቃቸው

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሹመት ወይም ሥራ የሚፈልግ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ማለዳ ተነሥቶ ኩታውን አጣፍቶ በመኳንንቱ ደጅ ይቆማል፤ ጌታው ሲወጣና ሲገባ ያየዋል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነና ምን እንደሚችል ይጠይቀዋል፤ ያልገባው ነገር ቢኖርም መልሶ ያስረዳው ዘንድ ያዘዋል። ሰውየው ስለ ራሱ የሚናገረው በገዛ አፉ ነበረና ቃሉ ቢደናቀፍ እንኳ ፊቱና አኳኋኑ ያቃኑለት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ ወዲህ ግን የመንግሥት ሥራ በመሥሪያ ቤትና በመዝገብ እየተደራጀ ሄደ፤ ደጅ ጠኚውም ከጊዜ ወደ ጊዜ በወረቀት ተተካ። ዛሬ ሥራ ፈላጊው በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ስለ እርሱ በሹሙ ፊት የሚቆመው ወረቀቱ ነው። ወረቀት ደግሞ ሲጠየቅ አይመልስም፤ የተሳሳተውንም «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነበር» ብሎ አያቃናም።

ይህ ወረቀት ሰው ሁሉ ሲቪ ብሎ የሚጠራው የሕይወት ታሪክ መግለጫ ነው። ሲቪ የሚለው ስም የሁለት የላቲን ቃላት ማሳጠሪያ ሲሆን ትርጓሜው «የሕይወት ሩጫ» ወይም «የሕይወት ጉዞ» እንደ ማለት ነው። አንድ ሰው ምን ተማረ፣ የት ሠራ፣ ምን ይችላል የሚለው ነገር ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ተጠቃሎ ይገባበታል። የሃያ ዓመት ትምህርትና ድካም በሁለት ገጽ ሲጠቃለል እያንዳንዱ ቃል ከባድ ሸክም ይሸከማል። ስለዚህ ከቃላቱ አንዱ ቢጣመም ወይም ከነጥቦቹ አንዱ ቦታውን ቢስት የሚጎዳው ጽሕፈቱ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ራሱ ነው።

ብዙ ሰዎች ሰዋስውንና ነጥብን እንደ ጌጥ ይቆጥሯቸዋል። «ዋናው ዕውቀቱና ልምዱ ነው፤ ፊደሉ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ለወላጆችና ሥራ ለሚፈልጉ ልጆቻቸው ልናስረዳ የምንወደው፣ ሰዋስውና ነጥብ ጌጥ ሳይሆኑ የእውነት ጠባቂዎች መሆናቸውን ነው። ጻፊው ምንም ሐሰት ሳያስብ ወረቀቱ ሐሰት ሊናገርበት ይችላልና።

መጀመሪያ ስለ ነጥብ እንናገር። አንድ ወጣት «የሒሳብ ሹም ረዳት የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ምን ይረዳል? ነጠላ ሰረዝ «ሹም» ከሚለው ቃል በኋላ ቢገባ «የሒሳብ ሹም፣ ረዳት የግምጃ ቤት ኃላፊ» ይሆናል፤ ይኸውም ሰውየው በሒሳብ ክፍል አለቃ፣ በግምጃ ቤት ግን ረዳት ነበረ ማለት ነው። ያው ሰረዝ «ረዳት» ከሚለው ቃል በኋላ ቢገባ ደግሞ «የሒሳብ ሹም ረዳት፣ የግምጃ ቤት ኃላፊ» ይሆናል፤ አሁን በሒሳብ ክፍል ረዳት፣ በግምጃ ቤት አለቃ ሆነ። ቃል አልተጨመረም፤ ቃልም አልተቀነሰም፤ አንዲት ሰረዝ ብቻ ሹሙን ረዳት፣ ረዳቱን ሹም አደረገች። ሰረዟ ጨርሶ ባትኖር አንባቢው እንደ ወደደ ይተረጉመዋል። ኋላ መሥሪያ ቤቱ የምስክር ወረቀቱን አስመጥቶ ሲያስተያይ ልዩነት ቢያገኝ፣ አመልካቹ ለራሱ ማዕርግ የጨመረ ሐሰተኛ መስሎ ይታያል። እንግዲህ በአንዲት ሰረዝ ጉድለት የአንድ ቤተ ሰብ ልጅ ስም ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ የእያንዳንዱን ምልክት ሥራ ማወቅ ይገባል። አራት ነጥብ (።) ሐሳቡ ሲፈጸም ይገባል። ድርብ ሰረዝ (፤) እያንዳንዳቸው ሙሉ ሆነው ሳሉ ዝምድና ያላቸውን ሐሳቦች ያያይዛል። ነጠላ ሰረዝ (፣) በዝርዝር የሚቈጠሩትን ስሞችና ሥራዎች ይለያል። ሁለት ነጥብ (፡) በቀድሞ ጽሕፈታችን ቃልን ከቃል ይለይ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ጽሕፈት ባዶ ቦታ ተተክቶለታል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ለጻፊው የተፈቀደ ነው፤ በአንዱ ገጽ ሁለት ነጥብ፣ በሌላው ባዶ ቦታ ማድረግ ግን ወረቀቱን የሁለት ሰዎች ሥራ ያስመስለዋል።

በኮምፒዩተር የሚጽፉም አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ብዙዎች አራት ነጥብን የሚሠሩት ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ነው። በዐይን ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ምልክቶች ስለ ሆኑ በመስመር መጨረሻ ላይ ሲደርሱ አንዱ በላይኛው መስመር ቀርቶ ሁለተኛው ወደ ታችኛው ሊወርድ ይችላል። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት ሠንጠረዥ ከገባ ወዲህ አራት ነጥብ የራሱ የሆነ አንድ ቦታ አለው፤ በዚያው መጠቀም ነው። ማንኛውም ምልክት ከፊቱ ካለው ቃል ጋር ተጣብቆ ይጻፋል፤ ባዶ ቦታ የሚሰጠው ከምልክቱ በኋላ ነው። ወረቀቱ ሲላክም ፒ.ዲ.ኤፍ. በሚባለው ዓይነት ቢላክ ይሻላል፤ አለዚያ የግእዝ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ግሥ ነው። በዘመናችን እጅግ የበዛው ስሕተት «ሠርቻለሁ» ለማለት «ሠርቻለው»፣ «ተምሬአለሁ» ለማለት «ተምሬአለው» ብሎ መጻፍ ነው። በአነጋገር ጊዜ የሁለቱ ድምፅ ስለሚቀራረብ ጆሮ አይለየውም፤ በጽሕፈት ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። «አለሁ» ማለት እኔ በዚህ እገኛለሁ ማለት ነው፤ «አለው» ማለት ግን እርሱ የሆነ ነገር አለው ማለት ነው። እንግዲህ «ሠርቻለው» ብሎ የጻፈ ሰው ስለ ራሱ ሊመሰክር ተነሥቶ ምስክርነቱን ለሌላ ሰው አስረከበ። ይህን የመሰለ ስሕተት በመጀመሪያው መስመር ያየ ሹም ቀጥሎ ያለውን መልካም ነገር ሁሉ በጥርጥር ዐይን ቢያነበው አይፈረድበትም። «ነበርሁ» እና «ነበርኩ»፣ «ተምሬአለሁ» እና «ተምሬያለሁ» በሚሉት መካከል ግን ሁለቱም የሚጻፉ ናቸውና፣ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእርሱ መጽናት ይበቃል።

ከዚህ የሚጠልቅ ሌላ የግሥ ነገር አለ። አማርኛ በአንዲት ፊደል ሠሪውን ከአሠሪው ይለያል። «ድልድይ ሠራሁ» ያለ ሰው በእጁ ደክሟል፤ «ድልድይ አሠራሁ» ያለ ሌሎችን አዟል፤ «ድልድይ ሲሠራ ረዳሁ» ያለ ከሠሪዎቹ ጋር ነበረ፤ «ድልድይ ተሠራ» ያለ ግን ማን እንደ ሠራው አልተናገረም። እንደዚሁም «ተማርሁ» እና «አስተማርሁ»፣ «ሒሳብ መረመርሁ» እና «ሒሳብ አስመረመርሁ» እጅግ የተራራቁ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እውነት እንደ ሆነ የሚያውቀው ጻፊው ብቻ ነው። ሰዋስው የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ይኸውም የሠራኸውን «ሠራሁ» በል፤ ያሠራኸውን «አሠራሁ» በል፤ የረዳኸውን «ረዳሁ» በል። በትክክል የተጻፈ ግሥ ትሑቱን ሰው ከሚገባው በታች እንዳይወርድ፣ ትምክሕተኛውንም ከሚገባው በላይ እንዳይወጣ ይይዘዋል። አንዳንድ ሰዎች በትሕትና «በእኔ ተሠርቷል» ወይም «ተሞክሯል» እያሉ ድካማቸውን ይሸሽጋሉ። በማኅበር መካከል ይህ መልካም ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ለማያውቀው ሹም በሚጻፍ ወረቀት ግን ሥራን ባለቤት አልባ ያደርጋል።

ሦስተኛው ነገር የባለቤትና የግሥ መስማማት ነው። ብዙ አመልካቾች የሕይወት ታሪካቸውን ሲጽፉ የቀድሞ አሠሪያቸው የሰጣቸውን የምስክር ወረቀት ከፊታቸው አኑረው ይገለብጣሉ። የምስክር ወረቀቱ የተጻፈው ግን በሌላ ሰው አንደበት ስለ ሆነ «አገልግለዋል»፣ «ፈጽመዋል» ይላል። ስለዚህ ጻፊው «በዚህ ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ» ብሎ ይጀምርና «ሥራቸውን በትጋት ፈጽመዋል» ብሎ ይጨርሳል፤ በአንድ ገጽ ውስጥ ራሱን አንድ ጊዜ እኔ፣ አንድ ጊዜ እርሳቸው አለ ማለት ነው። ራስን አንቱ ማለት በአነጋገር ቢሆን ያስቃል፤ በጽሕፈት ሲሆን ያሳፍራል። ከስም በፊት «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ብሎ ራስን መጥራትም እንደዚሁ ነው፤ ይህን ማዕርግ ሌላው ሰው ቢሰጥ ያምራል። በትምህርት የተገኘ ማዕርግ ግን ልዩ ነው፤ እርሱ በሥርዓቱ ይጻፋል።

እኅት የወንድሟን ወረቀት አርአያ አድርጋ ስትጽፍም አንድ ነገር ታስተውል። በአማርኛ «ሠርቻለሁ» የሚለው ቃል ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ «ረዳት የነበረ» እና «ረዳት የነበረች» የሚሉት ግን ይለያያሉ። ወንድሟ በሦስተኛ መደብ ጽፎ እንደ ሆነ እርሷ እንዳለ ብትገለብጠው ወረቀቷ ስለ ወንድ የሚናገር ይሆናል። ሁሉን በአንደኛ መደብ መጻፍ ከዚህ ችግር ያድናል።

አራተኛው ነገር ፊደል ነው። በድምፅ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በግእዝ ትርጓሜ ይለያሉ። ሠዓሊ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ሥዕል የሚሥል ሰው ነው፤ ሰአሊ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን የሚለምን ማለት ነው። ምሁር በሃሌታው ሀ የተማረ ሰው ነው፤ ምሑር በሐመሩ ሐ ሲሆን ምሕረት የተደረገለት ነው። ሠረቀ ቢል ፀሐይ ወጣ፣ ሰረቀ ቢል ግን የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ጸሐፊዎች እነዚህን ፊደላት አንዱን በሌላው ይለውጣሉ፤ አንባቢውም አብዛኛውን ጊዜ ከነገሩ አካሄድ ይረዳዋል። ሆኖም ሥራ የሚፈልግ ሠዓሊ በወረቀቱ ራስጌ ላይ ለማኝ ሆኖ ባይታይ ይሻለዋል፤ የሚያነበው ሹም ግእዝ የተማረ ሰው ሊሆን ይችላልና። ጥርጥር በገባ ጊዜ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን፣ ወይም የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን፣ ከፍቶ ማየት ነው። መዝገበ ቃላት በማይገኝበት ቦታም ቢያንስ አንዱን ቃል በሁሉ ቦታ በአንድ ፊደል መጻፍ ይገባል። በአንደኛው ገጽ «ሥራ»፣ በሁለተኛው «ስራ» ብሎ መጻፍ አንባቢውን ያሰናክላል፤ በኮምፒዩተር ለሚፈልገው ሰውም ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ይሆኑበታል።

ከፊደል ጥንቃቄ ሁሉ የሚበልጠው የስም ነው። የሰው ስም በምስክር ወረቀቱ «ኃይለ ሥላሴ»፣ በመታወቂያው «ኀይለስላሴ»፣ በሲቪው ደግሞ «ሃይለ ስላሴ» ተብሎ ቢገኝ ለጎረቤቱ ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ለመዝገብ ግን ሦስት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ችግሩ ይብሳል፤ ያው ስም አንድ ጊዜ ተለያይቶ፣ አንድ ጊዜ ተጋጥሞ፣ አንድ ጊዜ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላ ጊዜ በሁለት «ኤስ» ይጻፋል። ስለዚህ በፓስፖርቱ ወይም በዲፕሎማው ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል መከተል ይሻላል። የኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የአውሮፓ ሰዎች እንደሚሉት የቤተ ሰብ ስም አይደለም። ወደ ውጭ አገር የሚያመለክት ሰው ከሦስቱ የትኛውን በቤተ ሰብ ስም ቦታ እንደሚያገባ አንድ ጊዜ ይወስን፤ ከዚያም በወረቀቱ ሁሉ እንዳይለውጠው።

አምስተኛው ነገር የቀንና የዓመት አጻጻፍ ነው። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ከባድ ነው፤ ሁለት አቈጣጠር በእጃችን አለና። የኛ ዓመት ከአውሮፓ ዓመት ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ በሰባት፣ ከጃኑዋሪ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በስምንት ያንሳል። አንዲት ልጅ በመስከረም 1985 ዓ.ም. ተወልዳ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ብትመረቅ ዕድሜዋ 22 ነው። ዲፕሎማዋ ላይ ግን የምረቃዋ ጊዜ በአውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 2015 ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ልደቷን ከአንዱ፣ ምረቃዋን ከሌላው አቈጣጠር ገልብጣ ምልክት ሳታደርግ ብትጽፍ፣ አንባቢው 1985ን ከ2015 ቀንሶ በ30 ዓመቷ እንደ ተመረቀች ያስባል። «ስምንቱን ዓመት የት ነበረች?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት ግን የለም። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. የሚሉት ጥቃቅን ፊደላት ይህን ያህል ሥራ አላቸው። ስለዚህ አንዱን አቈጣጠር መርጦ በሁሉ ቦታ መጻፍ፣ ሁለቱም ቢያስፈልጉ ግን ለእያንዳንዱ ዓመት ምልክቱን ማኖር ግድ ነው።

ወርንም በቁጥር ሳይሆን በስሙ መጻፍ ይሻላል። «3/4» ተብሎ ቢጻፍ እንግሊዛዊው ኤፕሪል 3፣ አሜሪካዊው ማርች 4፣ የኛ ሰው ደግሞ ታኅሣሥ 3 ብሎ ያነበዋል። አንድ ቀን ሦስት ቀን ሆነ። «ታኅሣሥ 3 ቀን» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ከማንም ጋር አይከራከርም።

ስድስተኛው ነገር የዝርዝር አጻጻፍ ነው። በሲቪ ውስጥ ችሎታ በተራ ሲቈጠር ሁሉም በአንድ መልክ መቀመጥ ይገባዋል። «ሒሳብ መያዝ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሠራተኞችን ማስተዳደር» ብሎ መጻፍ መልካም ነው። «ሒሳብ መያዝ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ የሠራተኞች አስተዳደር» ብሎ መጻፍ ግን እንደ ተሰበረ ደረጃ ነው፤ አንባቢው በእያንዳንዱ ላይ ይደናቀፋል። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይም «ወዘተ.» አይጻፍ። ይህ ቃል በግእዝ «የቀረውም» እንደ ማለት ነው፤ የሰው ችሎታ ግን ለአንባቢ ግምት የሚተው አይደለም፤ ካለ ይነገር፣ ከሌለ ይቅር። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ብቻ የሚታወቁ ማሳጠሪያዎችም በመጀመሪያ ሲጠሩ ሙሉ ስማቸው ቢጻፍ መልካም ነው። «ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ!!!» ብሎ ትእምርተ አንክሮ መደርደር ደግሞ በሹም ፊት እንደ መጮህ ይቈጠራል።

ዛሬ ከሚጻፉት ሲቪዎች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ስለዚህ ስለ እርሱም ጥቂት እንናገራለን። በእንግሊዝኛ የተፈጸመ ሥራ በኀላፊ ጊዜ፣ አሁን የሚሠራበት ሥራ በአሁን ጊዜ ይጻፋል። ከአምስት ዓመት በፊት የተዉትን ሥራ በአሁን ጊዜ የጻፈ ሰው ዛሬም በዚያ እንዳለ ተናገረ ማለት ነው። የሰዎች፣ የአገሮች፣ የቋንቋዎችና የወሮች ስሞች በትልቁ ፊደል ይጀምራሉ፤ ይህ ሥርዓት በግእዝ ፊደል ስለሌለ የኛ ልጆች በቀላሉ ይረሱታል። የሥራ ስምም ሲተረጐም የምስክር ወረቀቱን ቃል ይከተል እንጂ በትርጕም ምክንያት ከፍ አይበል፤ «ረዳት» የነበረ ሰው ቋንቋ በመለወጡ «ዳይሬክተር» አይሆንም።

አሁን ወደ ቤተ ሰብ ሥራ እንመለስ። ጻፊው የገዛ ስሕተቱን ለማየት ይቸገራል፤ ዐይኑ የተጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ያነባልና። ስለዚህ ወረቀቱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ አንድ ሌሊት ይደር። በማግሥቱ አባት ወይም እናት፣ ወንድም ወይም እኅት ተቀምጠው ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው። ምላስ የሚደናቀፍበት ቦታ ሁሉ ነጥብ የጐደለበት ወይም ዐረፍተ ነገሩ የረዘመበት ቦታ ነው። ቀጥሎም ሌላ ሰው የምስክር ወረቀቶቹን በእጁ ይዞ ስሙን፣ ዓመቱንና የሥራውን ስም አንድ በአንድ ያስተያይ። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ትርፉ ግን የዓመታት እንጀራ ሊሆን ይችላል። የተማረ ልጅ ወረቀቱን ለአባቱ ማሳየት የሚያፍርበት፣ አባትም «ይህ የዘመኑ ነገር ነው፤ እኔ አላውቀውም» ብሎ የሚሸሽበት ምክንያት የለም። አባት ሲቪ ምን እንደ ሆነ ባያውቅ ልጁ ምን እንደ ሠራ ያውቃል፤ የድሮውን የፊደል ሥርዓትም ምናልባት ከልጁ ይልቅ ያውቅ ይሆናል።

የሌላ ሰው እርዳታ መጠየቅም ነውር አይደለም። በዓለም ታሪክ የቀደመ የሥራ መጠየቂያ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ በ1482 እ.ኤ.አ. ገደማ ለሚላኖ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ያዘጋጀው ደብዳቤ ነው። ድልድይ ማበጀትን፣ ምሽግ ማፍረስን፣ የጦር መሣሪያ መሥራትን በተራ ቈጥሮ ይዘረዝርና ሥዕል መሣልን በመጨረሻ ያነሣል። ዛሬ በሚላኖ በአምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት የሚጠበቀው የዚህ ደብዳቤ ረቂቅ የተጻፈው በራሱ በሌዎናርዶ እጅ እንዳልሆነ የመረመሩት ሊቃውንት ይናገራሉ። እንዲህ ያለ ሰው የሌላውን ብዕር ካልናቀ የኛ ልጆች የወንድማቸውን ዐይን ሊንቁ አይገባም።

በዘመናችን ጽሕፈትን የሚያርሙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ፤ እነርሱም ይረዳሉ። ነገር ግን ፕሮግራሙ የፊደሉን ስሕተት ቢያይ የሰውየውን ሕይወት አያውቅም። ሰውየው ድልድዩን ሠርቶ እንደ ሆነ ወይም አሠርቶ፣ ሰረዟ ከ«ሹም» በኋላ ትግባ ወይም ከ«ረዳት» በኋላ፣ ይህን ሊነግረን አይችልም። እንዲያውም አሳምራለሁ ሲል ያልተሠራውን ሥራ ሊጨምር ይችላልና፣ ያረመውን ሁሉ ባለቤቱ እንደ ገና ቃል በቃል ሊያነበው ይገባል። በወረቀቱ ግርጌ የሚፈርመው ኮምፒዩተሩ አይደለምና።

በመጨረሻም ወረቀቱን ለሚቀበሉት ሹማምንት አንድ ቃል እንናገራለን። አንድ ፊደል የሳተውን ሁሉ ዐዋቂ አይደለም ብሎ መጣል ፍርድ ማጕደል ነው። ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣ፣ አማርኛን ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ቀጥሎ የተማረ፣ በእጁ ሥራ ግን የተመሰገነ ሰው ይኖራል። ስለዚህ ስሕተቱ ከቸልታ የመጣ እንደ ሆነና ከትምህርት ዕድል ማነስ የመጣ እንደ ሆነ ለይቶ ማየት የሹም ብልኅነት ነው። ለጸሐፊነት ወይም ለአስተማሪነት የሚፈለግ ሰው በፊደል ይፈተን፤ ለአናጢነት የሚፈለገው ግን በመጋዙ ይፈተን። ደግሞም መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚያወጣው የሥራ ማስታወቂያ በፊደል ስሕተትና በጐደለ ነጥብ የተሞላ ከሆነ፣ ከአመልካቹ ንጹሕ ጽሕፈት ለመጠየቅ አፍ አይኖረውም።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። ለሥራ የሚጻፍ የሕይወት ታሪክም በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ሰውየው ሲሾም፣ ሲዛወርና ጡረታ ሲወጣ ይገለጣል። በወጣትነቱ የተጻፈች አንዲት የተሳሳተች ዓመት በሽምግልናው ጊዜ የጡረታውን ሒሳብ ልታናጋበት ትችላለች። እንግዲህ ልጆቻችን ብዕር ሲያነሡ ወይም በኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጡ፣ እያንዳንዱን ነጥብ በሸንጎ ቆመው እንደሚሰጡት የምስክርነት ቃል አድርገው ያኑሩት። የሠሩትን ያህል ይጻፉ፤ የጻፉትንም ያህል ይታመኑ።